ጨምርልኝ

ሳውንድ ቼክ ላይ፣ ዝግጅቱ ከመጀመሩ በፊት ድምፅ ስንሞክር፣ አብዝቼ የምሰማው ቃል አንድ ነው፤ «ጨምርልኝ!»

ድምፃዊቷ የራሴን ድምፅ አልሰማሁም ትላለች። እጨምርላታለሁ። ጊታሪስቱ ወዲያው እጁን ያነሳል፤ የእሱ ደግሞ ጠፍቶበታል። እጨምርለታለሁ። አሁን ኪቦርዱ ተዋጠ። ድራመሩ ከኋላ ሆኖ ሁሉም ሲጮህበት እሱም ጠንክሮ መምታት ይጀምራል። ድምፃዊቷ እንደገና ወደ እኔ ትዞርና ጣቷን ወደ ላይ ትቀስራለች። እንዲህ እያልን ማይኩ እስኪጮህ ድረስ እንሄዳለን። ያን ጩኸት የማያውቅ ሰው ያለ አይመስለኝም። ጆሮ ይበሳል። ከስፒከሩ የወጣው ድምፅ ተመልሶ ማይኩ ውስጥ ይገባል። ማይኩ መልሶ ወደ ስፒከሩ ይልከዋል። ስፒከሩ አጉልቶ ያወጣዋል። በየዙሩ እየበረታ ይሄዳል። አንድ ሰው ካልቀነሰው አይቆምም።

የቀን ሥራዬ ሒሳብ ነው። የጓደኞቼ ባንድ ሲጫወት ግን ሚክሰሩ ጋ፣ የሁሉም ድምፅ የሚስተካከልበት መሣሪያ ጋ፣ የምቀመጠው እኔ ነኝ። ስምንት ዓመት ሆነኝ። መጀመሪያ ሰሞን አንድ አንጋፋ የድምፅ ባለሙያ አጠገባቸው እንድቆም ይፈቅዱልኝ ነበር። አንድ ቀን አምስቱም ተጫዋቾች ባንድ ላይ «ጨምርልኝ» ሲሉ ተንጠራርቼ ፌደሩን፣ ድምፅ የሚጨመርበትንና የሚቀነስበትን ቁልፍ፣ ወደ ላይ ልገፋ ስል እጄን ያዙኝ። «ልጄ፣ መጀመሪያ የበዛውን ፈልግ» አሉኝ። የጊታሩን ሞኒተር ቀነሱ። ሞኒተር ማለት ተጫዋቹ ራሱን እንዲሰማ ወደ እሱ የሚዞረው ስፒከር ነው። ድራመሩን ቀለል አድርገህ ምታ አሉት። ለድምፃዊቷ ምንም አልጨመሩላትም። ትንሽ ቆይታ አውራ ጣቷን አሳየቻቸው። «አሁን ሰማሁት!» አለች።

ያን ቀን ያየሁት ነገር ከመድረክ ውጭም ይከተለኛል። ሰዎች ሲከራከሩ ባየሁ ቁጥር የእሳቸው እጅ ትዝ ይለኛል።

ድምፅ ከፍ ማድረግ የሙዚቀኛ አመል ብቻ አይደለም። ኤትየን ሎምባርድ የሚባል ፈረንሳዊ የጆሮ፣ የአፍንጫና የጉሮሮ ሐኪም ነበር። ታካሚዎቹ እያወሩ ሳለ ጆሯቸው ውስጥ ጫጫታ ይለቅባቸዋል። ሰዎቹ ሳያውቁት ድምፃቸው ከፍ ይላል። ጫጫታው ሲቆም ይወርዳል። ራሳቸውን ጮኼያለሁ ብለው አያስቡም። ይህን እ.ኤ.አ. በ1911 አሳተመው፤ ነገሩም እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። ሰው በተሞላበት አዳራሽ ውስጥ ሆናችሁ ብታዳምጡ ይኸው ነው። አንዱ ጠረጴዛ ከፍ ሲል ሌላው ይከተላል። ማንም ልጩህ ብሎ አልወሰነም፤ ግን ሁሉም ይጮኻል። አንድ ሰው ውይይት ላይ ድምፁን ሲያነሳ ክፉ ነው ብዬ ለመፍረድ የማልቸኩለው ለዚህ ነው። ብዙውን ጊዜ አልተሰማሁም ብሎ የሚያስብ ሰው ነው።

አሁን ደግሞ የሚከብደኝን ልናገር።

ከሁለት ዓመት በፊት ነው። አዳራሹ ሞልቷል። ባንዱ ሦስተኛው ዘፈን ላይ ነው። ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነዘረ። ከአንድ ጓደኛዬ ጋር ቀኑን ሙሉ በመልእክት ስንከራከር ነበር የዋልነው። አነበብኩት። የጻፈው ነገር አናደደኝ። መልስ መጻፍ ጀመርኩ። ሁለት መስመር ጽፌ ላኩና ስልኩን መልሼ ከተትኩ። ዓይኔ ወደ መድረኩ ተመልሷል፤ ልቤ ግን አልተመለሰም። አሁንም በሐሳቤ ሦስተኛውን መስመር እየጻፍኩ ነበር። ሳክስፎን ተጫዋቹ ወደ ማይኩ ወጣ ብሎ መንፋት ሲጀምር አየሁት። ጣቶቹ ይንቀሳቀሳሉ። ጉንጩ ይነፋል። ድምፅ የለም። ማይኩን ሚውት አድርጌ እንደዘጋሁት ረስቼዋለሁ። መብራቱ ቀይ ሆኖ እያየሁት ነው፤ ግን አላየሁትም። ነቅቼ ስከፍተው ሶሎው፣ ለብቻው ጎልቶ የሚጫወትበት ቦታ፣ ወደ መጨረሻው ደርሶ ነበር።

በኋላ ዕቃ ስንጠቀልል ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኩት። ሰው ሁሉ ከወጣ በኋላ እዚሁ ብትጫወተው ቢያንስ እኔ ልስማው አልኩት። ፊቱ ላይ ቁጣ አልነበረም። «የቱን ልድገምልህ ወንድሜ? እኔም አላውቀውም እኮ» አለኝ። እዚያው የፈጠረው ነበር። ከፊት ከተቀመጡት ጥቂት ሰዎች በቀር ማንም አልሰማውም፤ እሱ ራሱም ሊመልሰው አይችልም።

ስልኩን ከከተትኩ በኋላ ያለችው ያቺ ጊዜ ብዙ አሳስባኛለች። ሶፊ ለሮይ የተባለች ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣችው ጥናት ይህን ነገር መርምራዋለች። ሰው አንድ ሥራ ሳይቋጭ ወደ ሌላ ሲሻገር ከፊል ሐሳቡ እዚያው የመጀመሪያው ላይ ይቀራል። አዲሱን ሥራ የሚሠራው በቀረችው ነው። ክርክር ደግሞ ከሁሉም የባሰ የማይቋጭ ነገር ነው። መልስ ልከህም አላለቀም። የሚመለሰውን መልስ ትጠብቃለህ። ለእሱም መልስ ታዘጋጃለህ። ስለዚህ ስልኩን ማስቀመጥ ብቻውን አላዳነኝም። ያኔ ያስፈለገኝ መልእክቱን ጭራሽ አለመክፈት ነበር።

ከዚያ ወዲህ ስልኬ ጠፍቶ ቦርሳ ውስጥ ይቀመጣል። የዘፈኖቹን ቅደም ተከተልና ማን የት ቦታ ላይ ሶሎ እንዳለው በወረቀት ጽፌ ሚክሰሩ ላይ በፕላስተር እለጥፋለሁ። ከሁሉ በላይ የጠቀመኝ ግን ሌላ ነገር ነው። «ልብ በል!» ብሎ ራስን ማዘዝ አይሠራም። ቢያንስ ለእኔ አልሠራም። ልብ የሚባልለት የተለየ ነገር መኖር አለበት። አሁን ትንፋሽ ነው የማየው። ሳክስፎን ተጫዋች ከመንፋቱ በፊት ትከሻው ከፍ ይላል። ድምፃዊ ከመግባቷ በፊት አገጯን በትንሹ ታነሳለች። ድራመር ዘፈኑን ሊቀይር ሲል ቤዝ ጊታር ተጫዋቹን ያያል። እነዚህን ስጠብቅ ሐሳቤ የሚሄድበት ቦታ ያጣል።

ለማዳመጥ ብቻ ለሚሄድ ሰውም ይህ የሚሆን ይመስለኛል። አንድ ዘፈን ምረጡና ቤዙን፣ ከታች የሚሰማውን ወፍራም ድምፅ፣ ብቻ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተከተሉት። ጊታሩ ይጠራችኋል፣ ድምፃዊው ይጠራችኋል፤ እናንተ ቤዙ ጋ ቆዩ። ሐሳባችሁ ከሄደ ሳትበሳጩ መልሱት። እኔ መጀመሪያ የሞከርኩት ጊዜ አንድ ዘፈን ውስጥ ስንት ጊዜ እንደጠፋሁ ሳየው ደነገጥኩ። አሁንም እጠፋለሁ፤ ግን ቶሎ ይታወቀኛል።

ቪዲዮ የሚቀርጹትን በተመለከተ ለረጅም ጊዜ ጠንካራ አቋም ነበረኝ። ከሚክሰሩ ጀርባ ስቀመጥ ከፊቴ የሚታየኝ የስልክ መብራት ብቻ የሆነበት ምሽት ብዙ ነው። ሊንዳ ሄንከል የምትባል የሥነ ልቦና ተመራማሪ ተማሪዎችን ሙዚየም ውስጥ አስጎብኝታ የሠራችውን ጥናት ሳነብ ደግሞ እንዲህ ነበር ማለት ብዬ ነበር። አንዳንዱን ዕቃ ፎቶ እንዲያነሱ፣ አንዳንዱን ደግሞ እንዲያዩት ብቻ ነገረቻቸው። በማግስቱ ስትጠይቃቸው ፎቶ ያነሱትን ዕቃ ካዩት ያነሰ አስታወሱ። ይህን ለሰው ሁሉ እናገር ነበር። የጥናቱን ሌላ ክፍል ግን አልናገርም ነበር። አንዱን የዕቃውን ክፍል አቅርበው ያነሱት ሰዎች ትዝታቸው አልቀነሰም። ልብ ብለው መርጠው ስላነሱ ነው። የሚስማማኝን ግማሽ ይዤ ሌላውን ትቼው ነበር ማለት ነው። ይህን ያየሁት አንድ ውይይት ላይ ነው።

ውይይቱ ስለዚሁ ጉዳይ ነበር። የሙዚቃ ዝግጅት ላይ ስልክ ይከልከል ወይስ አይከልከል? እ.ኤ.አ. በ2014 የተመሠረተ ዮንደር የሚባል ድርጅት ስልክ የሚቆለፍበት ከረጢት አለው፤ ታዳሚው ከረጢቱን ይዞት ይገባል፣ ሲወጣ ይከፈትለታል። አንዳንድ አርቲስቶች ዝግጅታቸው ላይ ይጠቀሙበታል። እንዲህ ያለ ነገር ይኑር ወይ ነው ጥያቄው። እኔ የተጠራሁት ለድምፁ ሥራ ነው። መድረኩ ላይ ሁለት ሰዎችና አወያይዋ አሉ። አንደኛው ዝግጅት አዘጋጅ ነው፤ ይቆለፍ ይላል። ሁለተኛዋ ተመልካች ነች፤ አይቆለፍ ትላለች። እኔ ልቤ ከአዘጋጁ ጋር ነበር።

ሚክሰር ላይ የእያንዳንዱን ማይክ ለብቻው በጆሮ ማዳመጫ መስማት ይቻላል። ደረት ላይ የሚሰካው ማይክ ደግሞ ትንፋሽ ሳይቀር ያነሳል። ሰዎቹ ሲነጋገሩ አዳራሹ የማይሰማውን እሰማለሁ። ሴትዮዋ እየተናገረች እያለች አዘጋጁ አየር ሲስብ ይሰማኛል። ዓረፍተ ነገሯ ገና መሃል ላይ ነው፤ እሱ ግን ሊመልስ ተዘጋጅቷል። ተራው ደርሶ ሲናገር እሷም እንዲሁ ነች።

ይህ የእነሱ ጥፋት ብቻ አይደለም። አሥር የተለያዩ ቋንቋዎችን ያነጻጸረ እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ ጥናት አለ። ሰዎች ሲነጋገሩ አንዱ ሲጨርስና ሌላው ሲጀምር መሃል ያለው ክፍተት በአማካይ አንድ አምስተኛ ሰከንድ አካባቢ ነው። አንድ ቃል አስቦ ለማውጣት ግን ከግማሽ ሰከንድ በላይ ይፈጃል። ስሌቱን ሥሩት። የምንመልሰው ነገር የሚዘጋጀው ሌላው ሰው ገና እያወራ ነው። በወዳጅነት ጨዋታ ላይ ይህ ችግር የለውም፤ ወሬውን የሚያሳምረውም እሱ ነው። ክርክር ላይ ግን ቀድመን ያዘጋጀነው መልስ ሰውዬው ይላል ብለን ለገመትነው ነገር የሚሆን መልስ ነው። የመጨረሻዎቹን ቃላት አልሰማናቸውም። ብዙ ጊዜ ዋናው ነገር ደግሞ እዚያ ነው ያለው።

አሥር ደቂቃ ያህል እንዲህ ሄደ። ድምፅ ከፍ እያለ መጣ። ሁለቱን ፌደር እየቀነስኩ ነበር። ከዚያ አወያይዋ አስቆመቻቸው። «ከአሁን በኋላ ማንም ከመመለሱ በፊት ሌላው ያለውን በራሱ አባባል ይንገረን። ባለቤቱ ልክ ነው ካለ በኋላ ነው መልስ የሚሰጠው» አለች። ሐሳቡን ከአናቶል ራፖፖርት እንደወሰደችው ነገረችን። ራፖፖርት እ.ኤ.አ. በ1911 የተወለደ የሒሳብ ሊቅ ነው። ከዚያ በፊት ግን ፒያኖ ተጫዋች ነበር፤ ቪየና ተምሮ መድረክ ላይ ይጫወት ነበር። ይህን ስሰማ ደስ አለኝ፤ ጆሮ ያለው ሰው ነው ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 ባሳተመው መጽሐፍ ፀብን፣ ጨዋታንና ክርክርን ይለያል። ፀብ ላይ ሌላውን ትጎዳዋለህ። ጨዋታ ላይ ትበልጠዋለህ። ክርክር ላይ ግን ታሳምነዋለህ። ለማሳመን ደግሞ መጀመሪያ እንደሰማኸው ማወቅ አለበት።

አዘጋጁ ሞከረ። «ስልኬን ካልያዝኩ ይጨንቀኛል ነው ያልሽው» አላት። «አይደለም» አለች። እንደገና ሞከረ። «ቪዲዮ መቅረጽ መብቴ ነው።» «እሱንም አላልኩም።» አዳራሹ ዝም አለ። «እስቲ ድገሚልኝ» አላት። ደገመችለት። አባቷ ታመው አልጋ ላይ ከዋሉ ቆይተዋል። ጤነኛ ሳሉ መድረክ ለመድረክ አብረው ይዞሩ ነበር። አሁን ከእያንዳንዱ ዝግጅት አንድ ዘፈን ብቻ ቀርጻ ትወስድላቸዋለች። አንድ ብቻ። የትኛውን ልውሰድላቸው እያለች ነው ምሽቱን ሙሉ የምታዳምጠው። ሦስተኛ ጊዜ ሲሞክር አዘጋጁ ቀስ ብሎ ነበር የተናገረው። «አንቺ ስልኩን የምታወጪው ለራስሽ ሳይሆን እዚህ ሊመጣ ለማይችል ሰው ነው። ለመምረጥ ስትዪም ከሌላው ሰው በላይ ታዳምጫለሽ።» «አዎ፣ እሱን ነው ያልኩት» አለች።

የጆሮ ማዳመጫዬ ውስጥ ያ የአየር መሳብ ጠፍቶ ነበር። ለመድገም የግድ እስከ መጨረሻው መስማት ነበረበት። ፌደሮቹን ወደ ነበሩበት መለስኳቸው።

እኔም እዚያው ነው ያ የተውኩት የጥናት ግማሽ ትዝ ያለኝ። መርጦ አቅርቦ የሚያነሳ ሰው አይረሳም። እሷ ያለችው እሱን ነው።

ከዚያ አንድ ሰው ከታዳሚው ተነስቶ በጆሮው የሚያደርገውን መስሚያ አሳየን። መስሚያውን የሚያስተካክለው በስልኩ ነው። «ስልኬን ከቆለፋችሁት ጆሮዬን ቆለፋችሁት» አለ። ስምንት ዓመት ድምፅ ስሠራ ይህ አንድም ቀን ታስቦኝ አያውቅም። በጣም ተሰማኝ።

በመጨረሻ አልተስማሙም። አዘጋጁ ከፊት የሚበራ ስልክ ከኋላ የተቀመጠውን ሰው ምሽት ይወስድበታል በሚለው ጸና፤ እሷም ያን ተቀበለችው። የመጀመሪያው ዘፈን ለሁሉም ክፍት ይሁን፣ ከዚያ ስልክ ኪስ ይግባ፣ ለጆሮና ለሕክምና የሚያስፈልገው ሰው ግን አይነካ የሚል ሐሳብ ቀረበ። እሷ ግን «የትኛው ዘፈን እንደሚሻል በመጀመሪያው ላይ እንዴት አውቃለሁ?» ብላ ጠየቀች። ጥሩ ጥያቄ ነው። እኔም መልስ የለኝም። መቆለፉን ግን ከእንግዲህ አልደግፍም።

አለመስማማትን በአደባባይ መናገር እንደሚቻል ሳስብ አንድ ምሽት ይታወሰኛል። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 6 ቀን 1962 በኒው ዮርክ ካርኔጊ አዳራሽ ነው። ፒያኖ ተጫዋቹ ግሌን ጉልድ የሙዚቃ ደራሲውን የብራምስን የመጀመሪያ የፒያኖ ኮንቸርቶ፣ ማለትም ፒያኖ ከኦርኬስትራ ጋር የሚጫወተውን ሥራ፣ ሊጫወት ነው፤ ሊዮናርድ በርንስታይን ደግሞ ኦርኬስትራውን ሊመራ። ጉልድ ሥራውን እጅግ ቀስ አድርጎ ነበር ያሰበው። በርንስታይን አልተስማማም። ሙዚቃው ከመጀመሩ በፊት ወደ ታዳሚው ዞሮ አለመስማማቱን በግልጽ ተናገረ። በኮንቸርቶ ውስጥ አለቃው ማን ነው፣ ሶሎ ተጫዋቹ ወይስ መሪው ብሎም ጠየቀ። ከዚያ ታዲያ ለምን ትመራዋለህ ለሚለው መልስ ሰጠ። ጉልድ ቁም ነገረኛ አርቲስት ስለሆነ ከልቡ ያሰበውን ማንኛውንም ነገር በቁም ነገር መውሰድ አለብኝ አለ። ከዚያ መራው፣ ተጫወቱት።

በርንስታይን ጉልድን አጋለጠው ብለው የወቀሱት ነበሩ። እኔ እንደዚያ አላየውም። ቅጂውን ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ንግግሩ ሳይሆን ከንግግሩ በኋላ ያለው ነው ደጋግሞ የሚያስቆመኝ። ያላመነበትን ፍጥነት ይዞ ከፒያኖው ጋር አብሮ ይሄዳል። ጉልድ ሲዘገይ አብሮት ይዘገያል፣ ይጠብቀዋል። አልስማማም ያለው ሰው እንዲህ ሲያዳምጥ ይሰማል።

ጉልድ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1964፣ ገና በ31 ዓመቱ የመድረክ ዝግጅት አቆመ። ከዚያ በኋላ የሠራው ስቱዲዮ ውስጥ ነው። በዚህ ከእሱ ጋር አልስማማም፤ ግን በአወያይዋ ደንብ ልሂድ። ጉልድ የሚለው፣ ስቱዲዮ ውስጥ ሙዚቀኛው ያሰበውን እስኪያገኝ ይሞክራል፣ የተሻለውን ይመርጣል። መድረክ ግን አንድ ዕድል ብቻ ይሰጠዋል፤ ሰውም አንዳንዴ የሚመጣው ሲሳሳት ለማየት ነው። አድማጩም ቤቱ ሆኖ፣ ብቻውን፣ በጥሞና ይሰማል። ሐሳቡ ከባድ ነው። ትክክል የሚሆንበት ቦታም አለ፤ እኔ ራሴ ጉልድን ያወቅኩት በቅጂ ብቻ ነው። ግን ስቱዲዮ ውስጥ ቢሆን ያ ሳክስፎን «ድገመው» ይባል ነበር። ይደግመውም ነበር። ያኛው ሶሎ ግን አይሆንም። እኔ መድረክን የምወደው ለዚያኛው ነው፤ እሱን ለመስማት ደግሞ እዚያ መገኘት አለብኝ፣ ልቤም ጭምር።

ባለፈው ሳምንት እንደገና ሳውንድ ቼክ ላይ ነበርን። ድምፃዊቷ ጣቷን ወደ ላይ ቀሰረች። ፌደሩን ሳልነካ ማዳመጫዬን አድርጌ አንድ በአንድ ሄድኩባቸው። የበዛው የኪቦርድ ተጫዋቹ ግራ እጅ ነበር። ቤዙ ያለበት ቦታ ላይ ወርዶ ሁለቱ ተጋፍተዋል። መድረኩ ላይ ወጥቼ ነገርኩት። አልተቀበለኝም። «ግራ እጄን ካነሳሁ ዘፈኑ መሃሉ ባዶ ይሆናል» አለኝ። «ሁለተኛው ክፍል ላይ ጊታሩ ስለሚያቆም የሚሸከመው አንተ ብቻ ነህ፣ እያልክ ነው?» አልኩት። ትንሽ አሰበ። «እሱን ነው» አለ። «እንግዲያው መጀመሪያው ክፍል ላይ ብቻ አንሳው፣ ጊታሩ ሲያቆም ተመለስ» አልኩት።

ከመጀመሪያው ጀመሩት። ጊታሩ ሲያቆም ግራ እጁ ወረደ። ድምፃዊቷ ዓይኗን ጨፍና ዘፈነች፤ ወደ እኔ አልዞረችም።